ከበደ ሣጥን ሲያነሣ

ሌሊቱን ሙሉ ላይፕሲግ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣
የሰው ዕቃ ሳነሣ፣ የሰው ዕቃ ሳወርድ አድሬ፣
በማለዳ ባቡር ወደ ክፍሌ ዞሬ፣
ጫማዬን ሳልፈታ ላፕቶፕ እከፍታለሁ፤
«ትምህርት አሥራ አራት፦ ክብደት» ይላል፤ እጫነዋለሁ።

መምህሩ ጢሙን እያሻሸ ይናገራል፤
ከኋላው መስኮት አለ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይውላል።
እንግሊዝኛው ሲፈጥንብኝ አቆመዋለሁ፤
አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣
እንደ «ላ» ራብዕ።
(ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ይኼን ቢያዩ
ሣልስና ኃምሱን ሳያስጨርሱት አይለቁትም ነበር።
እኛ ሰባት አፍ አለን፣ እሱ ዘጠኝ ይላል፤
የአፍ ነገር ግን ገና ነው፣
ሃያ ሁለተኛው ትምህርት ላይ ይመጣል።)

እንድናንቀሳቅሰው የተሰጠን ሰውዬ ፊት የለውም፤
ራሱ ኳስ፣ እጁ ቱቦ፣ መልኩ የሎሚ ቢጫ።
ስም አወጣሁለት፦ ከበደ።
ዛሬ ዛሬ የአያት ስም ሆኖ ቀርቷል፣
ልጅ አይጠራበትም፤
እኔ ያወጣሁት ለምኞት ነው፣
የኔ ከበደ አይከብድምና።

ሣጥኑ ሃያ ኪሎ ነው ተብሏል።
እሱ እንደ ላባ ያነሣዋል፣
እንደ ጥጥ፣
እንደ ሐሜት።
ጉልበቱ አይንቀጠቀጥ፣ ወገቡ አይሰማ፤
እግሩ መሬት ይነካል እንጂ መሬት አይረግጥማ።

ሃያ አራት ሥዕል ለአንዲት ሰከንድ፤
ለአምስቷ ሰከንድ አሥራ አንድ ጠዋት ሰጠሁ፣
አሥራ አንድ እንቅልፍ።

«ሊያነሣ ያሰበ» ይላል ጢማሙ፣ «መጀመሪያ ይወርዳል፤
ኃይል ከመምጣቱ በፊት በተቃራኒው ይሄዳል።»
ይኼንንስ አውቃለሁ! አውራ በግ ሊዋጋ ሲል
ወደ ኋላ አይደል እንዴ የሚል?
አወረድኩት ከበደን፣ ጎንበስ አደረግኩት፤
አሁን ደግሞ የሚሳለም መሰለ፣
ሣጥኑም ታቦት።

ትናንት ሌሊት ከቤልቱ ዳር ሮስቪታ አጠገቤ ነበረች።
ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
በልጅነቷ ፈትል ፋብሪካ ሠርታለች፣
«ዛሬ እዚያ ሥዕል ይሸጣል» ትላለች፣
ሳትስቅ።
ከባድ ካርቶን መጣ። ዘልዬ ልይዘው ስል
በክንዷ አገደችኝ።
መጀመሪያ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው፣
የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ፤
ከዚያ ዓይኗ ወረደ፣ ከዓይኗ በኋላ አንገቷ፣
ከአንገቷ በኋላ ትከሻዋ፣
በመጨረሻ ብቻ ጉልበቷ፤
ተነፈሰች፤
ያኔ ነው ካርቶኑ የተነሣው፣ ያኔ።
ግራ ትከሻዋ ግን ወደ ኋላ ቀረ፣
ሦስት ሥዕል ያህል፣
ሲጠሩት «መጣሁ» እያለ እንደማይመጣ ልጅ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች።
ምን ልበላት በተሰባበረ ጀርመንኛ?
«ክብደትሽን እያጠናሁ ነው» ይባላል ወይ ለሴት?
ዝም አልኩ። የሚቀጥለውን ካርቶን በጫማዬ ጫፍ ነካሁት።

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን አወለቅኩ።
ለከበደ ያየሁትን ሁሉ አወረስኩት፦
የጫማውን ጫፍ፣ ዓይን ባይኖረው የራሱን ማዘንበል፣ አንገት፤
ለግራ ትከሻው ሦስት ሥዕል መዘግየት።
ተጫንኩት።

ፊት የለውም፣ ግን ተነፈሰ።
ሣጥኑ ከመሬት ሲላቀቅ አንድ ሰው አቃሰተ፤
ዞር ብዬ ባይ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣
ወገቤን የያዝኩት እኔ ነኝ።

መምህሩ አፉን እንደከፈተ ነው፣ ከኋላው ፀሐይ፤
የኔ መስኮት ላይ ካፊያ፣
ጎረቤት ብስክሌቱን በደረጃው እያወረደ።
ከበደ ሣጥኑን ታቅፎ ቆሟል።
የት እንደሚያኖረው ትምህርቱ አይናገርም፤
አሥራ አምስተኛው «መራመድ» ነው የሚለው።

እንቅልፌ መጣ። ከበደ ሆይ፣
እንደያዝከው ጠብቀኝ፤
ማታ አራት ሰዓት ሥራ አለኝ።