በሁለት እጅህ

ቅዳሜ መሽቷል፤ የኮታያም ዝናብ አላባራም፤
መብራት ሄዷል፤ እርጥቡ ሻማም በወጉ አይበራም።
«ይቅር ስለ መባባል» ብዬ ርእስ ጻፍኩና
ዳገት እንዳየች በቅሎ ቆምኩ እንደገና።

ጠዋት ኩሩቪላ ከታናሹ ከቫርኪ ጋር
በአንዲት የጎማ ዛፍ ተያይዞ ነበር፤
«ከእኔ ወሰን ናት!» «አይ፣ ከእኔ ድንበር!»
ወተቷ ሌሊቱን ተንጠባጥቦ ቢያድር
ግማሽ ጣሳ እንኳ የማይሞላ ነገር።
መሐል ገብቼ መከርኩ ዣንጥላዬን ይዤ፤
ጭቃው ብቻ ያዘኝ፤ ተመለስኩ ተክዤ።

ከሰዓት አሌያማን ልጠይቅ ብወጣ
የልጇ ስልክ ከኩዌት ድንገት መጣ፤
«ይጸልዩልኝ» አለ። አስረዘምኩት መሰል፣
ሂሳቡ አልቆ ኖሯል ገና «አሜን» ሳልል።
«ግድ የለም፣ የሚሰማው ሰምቷል» አለች አሮጊቷ፣
ስልኩን ጠርጋ ስትከት ከመቀነቷ።

ባለቤቴ ሱሳማ ከሐሙስ ጀምራ
አታነጋግረኝም። የወጥ ቤቱን ጣራ
«ነገ እጠግናለሁ» ስል ክረምቱ ገባ፣
የሰው ቤት ሳቃና የራሴን ሳልገባ።

ጂንሲ መጣች። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
«አባዬ፣ የነገው ስብከት ስለ ምንድን ነው?»
«ስለ ይቅርታ» አልኳት።
ወረቀቱን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ፤
«እማዬ ወጥ ቤት ናት» ብቻ ነው ያለችኝ።

ገባሁ።
ጣራው ያንጠባጥባል።
የሞላ ሳፋ ልታነሣ ጎንበስ ብላለች፤
ባንድ ጎኑ ያዝኩላት።
«በሁለት እጅህ» አለች።