ጎንበስ ስል

ከአሥራ አንድ ቁጥር ትራም፣ ከመጨረሻው ፌርማታ፣
ወርደን ገባን እኔና እሱ፣ ጫካው ጉሙን ሳይፈታ።
ድሬስደን ከኋላችን ቀረች፣ ከነደወሏ፣ ከነድልድይዋ፣
ከፊታችን ጥድና ጭቃ፣ ቅዳሜም ከነዝምታዋ።

ታሲሎ ነው ስሙ፤ ደረቱ ነጭ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣
“ና” ሲሉት የማይሰማ፣ “ኮም” ሲሉት ግን የከነፈ።
የእኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ የወይዘሮ ጊዜላ ነው፣
ስሟ ውስጥ ጊዜ ያለባት፣ ጊዜ ግን የከዳት ሰው።
ምድጃ ላይ ድስት ረስታ፣ ሦስት ቀን ቁልፏን ፈልጋ፣
ልጇ መጥቶ ወሰዳት፣ አረጋውያን ቤት፣ ባለፈው በጋ።
ውሻ አይገባም አሉ እዚያ። ገመዱን በእጄ ጣለችው፤
“እስክመለስ” አለች። እሺ አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል ለሰው?

እኔ እንኳ ውሻ ፈሪ ነኝ። ደሴ ውስጥ፣ ሰፈራችን፣
ውሻ ሲመጣ ጎንበስ ነው፤ ያ ነበር ትምህርታችን።
ድንጋይ ኖረም አልኖረም፣ እጅን ወደ መሬት መስደድ፤
ያን ጊዜ ውሻው ይገባዋል፣ ይመለሳል በመጣበት መንገድ።
የነ አቶ ሽበሺ ውሻ፣ ያ በሦስት እግሩ የሚዘል፣
ማን እንደመታው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አልተነፈስኩም ቃል።

እዚህ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ የጫማዬ ክር ተፈታና
ጎንበስ ስል አየኝ ታሲሎ፤ ቆመ፣ ጭራውን አቀና፣
ዓይኑ በራ፣ ወደ ኋላ ዘለለ፣ ከዚያ ጮኸ አንዴ፣
“ወርውሪ!” የሚል ጩኸት።
ይሄ ውሻ ድንጋይ አያውቅም እንዴ?

ዛፎቹ ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ አያቶቻቸው የቀቡት፣
የየመንገዱ ስም ነው፤ “የላም ጭራ”፣ “መቀስ” የሚሉት።
ለእኔ ግን አንዱ “ተ” ነው፣ አንዱ እግሩን የሰበረ “ቀ”፤
ከዛፍ ዛፍ ፊደል ስቆጥር ታሲሎ ቀድሞኝ ራቀ።
እሱ የሚያነበው በአፍንጫው ነው፤ አንድ ጉቶ ሥር ቆሞ
የሌሊቷን ቀበሮ ያነባል፣ ከነመንገዷ፣ ደጋግሞ።

መንገድ ዳር ቁጢጥ ሲል ደግሞ ጥቁር ላስቲክ አወጣለሁ፤
እናቴ ይህን ብታይ! በጓንቴ አንስቼ አስራለሁ፣
እንደ ሠርግ ስጦታ ቋጥሬ፣ ቅርጫት እስካገኝ ድረስ
አንጠልጥዬው ስሄድ “ሞርገን!” ይሉኛል፤ እኔም መመለስ።

ያለፈው ቅዳሜ ነው፤ ወንዙ ጋ መንገዱ ሁለት ሆነ።
ካርታዬ ወደ ቀኝ አለኝ፣ ታሲሎ በግራው ተማመነ።
ገመዱን ሳብኩት። ሳበኝ። ማን ማንን እንደሚወስድ
ሳይለይ፣ ድልድይ ተሻገርን፣ በቅጠል በተሸፈነ መንገድ፣
አንድ አግዳሚ ወንበር ጋ ደረስን፣ አረንጓዴ ሽበት የለበሰ፤
ተቀመጠ ታሲሎ ከፊቱ፤ ዓይኑ በኪሴ ላይ ፈሰሰ።

ገባኝ። እዚህ ታርፍ ነበር። ከኪሷ አንዳች ትሰጠው።
እኔ ሙዝ ብቻ ነበረኝ። ቆርሼ ሰጠሁት። አሸተተው፣
ቀና ብሎም አየኝ፣ ፎርም ሳትሞላ የመጣችን ሴት
እንደሚያይ የቢሮ ጸሐፊ፣ ሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት።
“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል፤ ይህ ግን አልጮኸም፣
በበላበት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ተረቱ ይህን አላየም።

እሑድ ወደ እሷ ሄድኩኝ፣ ጭቃውን ከጫማዬ አልጠረግኩም፤
ስሜን ጠየቀች፣ ነገርኳት፤ ደግማ ጠየቀች፣ አልታከትኩም።
የወንበሩን ነገር ስነግራት መስኮቱን አየች ዝም ብላ፤
“የጉበት ቋሊማ ነው” አለች፣ “ሙዝማ የትኛው ውሻ በላ!”

ዛሬ ቋሊማ ይዣለሁ። ወንበሩ እርጥብ ነው ገና።
ታሲሎ ወንዙ ዳር ቀርቷል፣ የአንዱን ዳክዬ ዱካ ሊያጠና።
“ኮም” አልኩት፤ አልመጣም።
“ና” አልኩት፤ ጆሮው እንኳ አልተነሣ።
ጎንበስ አልኩ።
መጣ።