ሰኞ የማን ነው?

እኔ ጎማ አላቀልጥም፣ ቀመርም አልቀምርም፤
ሥራዬ ውል መጻፍ ነው፣ ከዚያ አልፎ አይሻገርም።
አክሮን፣ ኦሃዮ፤ ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቴ የድሮውን የጎማ ጭስ ማውጫ የሚያይ።
ፋብሪካ ምሁር ሲሻ፣ ምሁር ፋብሪካ ሲሻ፣
እኔ ነኝ የነገር መነሻ መድረሻ።

ማርሊን ኮቫች መጣች፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣
ጫማዋ ላይ በረዶ፣ እጇ ላይ ፋይል።
የአያቷ ፋብሪካ ጓርኒሲዮን ይሠራል፣
ሁለት የውሃ ቧንቧ አንድ ላይ ያሥራል፤
ብርዱ ሲጠና ግን ይሰነጠቃል።
«ሦስት ወር አለኝ፣» አለች፣ «ከዚያ ገዢው ይሄዳል።»

ዶክተር ቫይዲያ ደግሞ፣ ረጋ ብላ፣
መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ወልውላ፣
«ሦስት ዓመት፣» አለች፤ «ጎማ ምስጢሩን ቶሎ አይናገርም፤
ተማሪዬም የምታሳትመው ሳይኖራት አትመረቅም።»
አንዷ በሩብ ዓመት፣ አንዷ በዕድሜ ስትቆጥር፣
ጠረጴዛዬ ላይ ሆነ የሁለት ሰዓት ግርግር።

አንቀጽ አንድ፣ ሁለት፣ እንደ ውሃ ፈሰሱ፤
ሰባት ላይ ስንደርስ ጠበቆቹ ተነሡ።
«የሚገኘው ነገር፣ ከተገኘ፣ የማን ነው?»
ገና ላልተጸነሰ ርስት ስናካፍል ነው
ታኅሣሥ ያለቀው።
አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ፋብሪካው «ዝም በሉ» ይላል፣
ዩኒቨርሲቲው «ያልተነገረ እውቀት እንደሌለ ይቆጠራል።»
ስልሳ ቀን፣ ዘጠና ቀን፣ መቶ ሃያ፣ ተመለስ፤
በኢሜይል መጥቶ በኢሜይል ይሄዳል አንድ ሰረዝ።

አማርኛ ብልጥ ነው፤ «ውል» ሲል ሁለት ያያል፦
አንዱ በማኅተም፣ በፊርማ ይጸናል፣
አንዱ የክር ጫፍ ነው፣ ልቃቂት ውስጥ የሚጠፋ።
እኔ የመጀመሪያውን ስጽፍ ሁለተኛው ጠፋ።

ጥር ላይ ነው። ላቦራቶሪው በር ላይ አንድ ሰው፣
ኦቲስ ትሬድዌይ ይባላል፣ ማንም አልጠራው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ሦስት ላይ የቆመ፣
ከጥፍሩ ሥር የጎማ ጥላሸት፣ ሳሙና እያለ የከረመ።
የጫማ ካርቶን ይዟል። ውስጡ የተሰነጠቁ
ጓርኒሲዮኖች፣ በሲባጎ ታስረው የተጨናነቁ፤
በየጀርባቸው በነጭ እርሳስ ጽፏል፦
ሰኞ። ሰኞ። ሰኞ።
አንድ ማክሰኞ።
እንደገና ሰኞ።

ቫይዲያ ዐሥር ሺህ ቁጥር ነበራት ኮምፒውተሯ ውስጥ፣
የሙቀት፣ የግፊት፣ የድኝ መጠን የሚገልጥ፤
የቀን ስም ግን አልነበረውም።

«ቅዳሜና እሁድ ማሽኑ ይጠፋል፣» አለ ኦቲስ፣
«ሰኞ ንጋት ስንለኩሰው የቅርጽ ማውጫው አንድ ጎን
ቶሎ አይነቃም። እንደ ሰው። እኔ በመዳፌ አውቃለሁ።
ላለቆች ነግሬ ነበር። ‹እሺ፣ ነገ› አሉኝ።
ነገ ከሆነ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ።»

ወንበር ሳበችለት። ደብተሯን ገለጠች።
ተማሪዋ ኮርትኒ ምሳዋን ረስታ ጻፈች።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ፦ የሦስት ዓመቱ
በዐሥራ አራት ወር አለቀ። የማርሊን ገዢ ግን
አልጠበቀም፤ ሄደ። ቆይቶ ሌላ መጣ።
በብርድ የማይደነግጥ አዲስ ጎማ ወጣ፣
ግማሹ የላቦራቶሪ፣ ግማሹ የማሽን ሦስት።

የፈጠራ ማመልከቻው ላይ ለስም ሦስት መስመር አለ፤
ቫይዲያ። ኮርትኒ። ሦስተኛው ባዶ ዋለ።
ጠበቃው ደወለ፦ «ሰውዬው ያዋጣው ምንድን ነው?»
«ሰኞን፣» አልኩት።
«ሰኞ በፓተንት አይመዘገብም።»
«ሰኞን ያየው ሰውስ?»
ስልኩ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ማርሊን ናት እስክሪብቶ ያነሣችው በመጨረሻ፤
ሦስተኛው መስመር ላይ ስሙን ጻፈች፣ ፊደል አሳስታ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ደመወዝ የከፈለ ቤት!
ኦቲስ ሳቀ። አረመላት።
አውራ ጣቱ ወረቀቱ ዳር ላይ ቀረ፣ ጥቁር፣ ክብ።

ዛሬ ጎማው ከመንገድ ሥር፣ ከበረዶ በታች ነው፤
ማንም አያየውም፤ ግዴታውም ይኸው ነው።
የማያፈስን ቧንቧ ማን ቆሞ ያመሰግናል?

እኔ አንቀጽ ሰባትን አሁንም እጽፋለሁ፣ ለሌሎች፣
ከመጻፌ በፊት ግን እጠይቃለሁ፦
«ማሽኑ ጋ ማን አለ? እስቲ ጥሩልኝ።»
አንዳንዴ ይጠሩታል።