ኪስ

ቂርያት ጋት፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ የታሙዝ ሙቀት መስኮቱን ይልሳል፣
ስቬታ ኮምፒውተሩ ጥግ ተቀምጣለች፤ ጣቷ ቁጥር ይጠብቃል።
እማማ አንጓች ወንበሩ ላይ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣
«ምንም አላመመኝም» አለችኝ፣ በቁም ነገርና በዋዛ።
አመንኳት። ይኼ በሽታ አይጮህም፤
እንደ ምስጥ ነው፤ ቋሚውን ይበላል እንጂ በሩን አያንኳኳም።

አፏን ከፈተች።
ሰማያዊ።

ትምህርት ቤት የሰጡን ሥዕል፣ ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው ይላል፣
እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነጠብጣብ፤ ሲቆጣ ይቀላል።
ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ዘጠና አራት አግኝቼበታለሁ፤
የእማማ አንጓችን ድድ ግን የቱ ገጽ ላይ አገኘዋለሁ?
በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በእሾህና በጥላሸት፣
ወግ ነው ብለው ነቅሰዋታል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ምሽት።
ቀይ ይሁን አይሁን ማን ያያል? ከሰማያዊው በታች ነው እሳቱ፤
ዓይኔን አሰናበትኩት፤ ተራው የጣቴ ነው፣ የብረቱ።

ቀጭን ናት ብረቷ፣ ጫፏ ዱልዱም፣ ጥቁር መስመር የተሰመረባት፣
በጥርስና በድድ መሃል ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ጣቢያ አላት።

ሻሎሽ፣ ሽታይም፣ ሻሎሽ፣
አርባዕ፣ ሐሜሽ፣ ሼሽ።

«ዲሙም» እላለሁ፤ ስቬታ ቀይ ነጥብ ትጫናለች፤
ብረቷ ባለፈችበት ሁሉ ትንሽ ጠብታ ትከተላለች።

«ምኔን ነው የምትቆጥሪው? ዕዳ ነው?»
«ድድ ከጥርስ ሲለያይ የሚተወው ጉድጓድ፣ ኪስ ነው።»
«በዕብራይስጥስ ምን ይሉታል?»
«ኪስ።»
«የጠየቅኩሽ በእነሱ ነው።»
«በእነሱም ኪስ ነው።»

ሳቀች። እጇ አፏን መሸፈን ረሳ።
«ሰባ ዓመት ኪስ በሌለው ቀሚስ ኖሬ ጨርሼ፣
ሳንቲሜን በነጠላ ቋጥሬ፣ ወገቤ ላይ መልሼ፣
ለካስ ኪሴ አፌ ውስጥ ነው!»

ባዶም አይደል ኪሱ፤ ድንጋይ ነው ያለው፣ የደነደነ፣
ምራቅ የገነባው፣ ዓመት ዓመትን የከደነ።
ስኳሯ በአንድ በኩል፣ ድዷ በሌላው፣ አንዱ አንዱን ሲያባብስ፣
ሁለት ጎረቤት ተጣልቶ፣ መሃል ያለው አጥር ሲፈርስ።
ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ሆድ ሲያዝን ይስቃልና፤
ድድ ግን ዘመድ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ደም ያለቅሳልና።

አራት ቀጠሮ ያዝን፣ አፏን በአራት ማዕዘን ከፍለን፣
መርፌው ካደነዘዘው በኋላ፣ ብረት ወደ ሥሩ አውርደን።
በጆሮዬ ነው የምሠራው፤ ድንጋይ ይቧጠጣል፣ ይንኳኳል፣
ንጹሕ ሥር ግን እንደ ብርጭቆ፣ ዝም ብሎ ያንሸራትታል።
ሰማያዊውን አልነካሁትም። እሱ በሽታ አይደለም።

ትንሿን ብሩሽ ሰጠኋት፣ ማታ ማታ እንድታዞራት በየጥርሱ ደፍ፤
ወዲያው ቋጠረቻት፣ እንደ ሳንቲም፣ በነጠላዋ ጫፍ።

በሔሽቫን ተመለሰች፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ።
ስድስቱ አራት ሆኗል፣ አምስቱ ሦስት፤ ብረቷን ደም አልተከተላትም፤
አንድ መንጋጋ ግን ሰባት ላይ ቀረ፣ ብፍቀው ብፍቀው አልሰማኝም፤
ለሐኪሙ ጻፍኩለት። ሁሉም አይመለስም።

የታችኛው ረድፍ ላይ ነበርን። ቁጥሩን ገና አልጠራሁም፤
ብረቷም ከአፏ አልወጣችም።
«አ—ኦ» አለች እማማ አንጓች፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።
ሻሎሽ ትበል ሦስት፣ አፍ ተከፍቶ ፊደሉ አይለይም።
ስቬታ ቀና ብላ አየችኝ።
ጎንበስ አልኩ፣ መስመሩን አነበብኩ።
ሦስት ነበር።