መስኮት ቁጥር አራት

ዛሬም ከመስኮቴ ያው ሰውዬ ቆሟል፤
አራት ወር በዚህ በር፣ በወረፋ ከርሟል።
ልዑልሰገድ ነው ስሙ፤ ሳልም አለው፣ ሽቶም፤
አረንጓዴ ፋይሉን አይለቀው ከቶም።

የግብር ቁጥር አለ፣ የንግድ ስም አለ፣
የመሐንዲሱ ውል ፊርማው ያልጎደለ።
ከባንክ የመጣው ግን፣ የዝግ ሒሳብ ደብዳቤ፣
ቀኑ ያለፈበት ነው፤ መለስኩት፣ ደግሜ አስቤ።

«ወንድሜ፣» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ «ፎቅ በወረቀት አይወጣ፤
መሠረቱን ልጨርስ፣ ክረምቱ ሳይመጣ።»

ከኋላው ያለች ልጅ በስልኳ ስታማኝ፣
«መስኮት አራት ያለው ድንጋይ ነው» ስትል ተሰማኝ።

ዝም አልኩ።

ሰንበት ሰንበት እሄዳለሁ፤ ታክሲው እስኪያበቃ፣
ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፤ ቀሪው በእግር ነው፣ በጭቃ።
እዚያ ቆርቆሮ አጥር አለ፣ ሥዕሉ የደበዘዘ፦
መዋኛ ገንዳ፣ ዘንባባ፣ ፊኛ ሕፃን የያዘ።
ከአጥሩ ወዲያ ጉድጓድ፣ ዘጠኝ ክረምት የሞላው፤
ጫፍ ጫፉን ያወጣ ብረት፣ ዝገት የበላው።
እንቁራሪት ናት ነዋሪዋ፤ ያለ ካርታ፣ ያለ ውል፣
ሌሊት ስትጮህ አድራ፣ ቀን ድንጋይ ላይ የምትውል።

እትዬ ይመኙሻል፣ የእናቴ ታናሽ፣ ቀድማኝ ደርሳለች፤
በጃንጥላዋ ጫፍ ሰማዩን ታሳየኛለች፦
«ብሎክ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ። ያቺ ጭልፊት የምትዞርበት፣
ሳሎኑ ነው። በስተግራ፣ ደመናው ጋ፣ ማዕድ ቤት።»

የሟች ባሏን አይሱዙ ሸጣ ነው የከፈለች፤
ደረሰኙን እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።
ገንዘቧን የተቀበላት ሳል አልነበረውም፤ ሽቶ ግን ነበረው።
ፈቃዱን የጠየቀ የለም፤ ሥዕሉ ነበር ያማረው።

«በፈቃዴ ሰጠሁት፣» ትላለች፣ «ማንም አላስገደደኝ፤
ለካ ከሁለታችን፣ ፈቃድ የነበረኝ እኔ ነኝ።»

መመሪያውን ማን እንደጻፈው፣ የት እንደጻፈው አላውቅም፤
አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን፣ እንደ ድሮው አልስቅም።
«የገዢ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ» ይላል፣ ደረቅ ቃል፤
ጉድጓዱን ያየ ግን ውሃው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ሰኞ ልዑልሰገድ መጣ፤ ደብዳቤው ታድሷል፣
ሳሉ ብሷል፣ ክረምቱም አንገቱ ላይ ደርሷል።
አንድ ፊርማ ጎደለች፣ ገጽ ሰባት ላይ፣ ከግርጌ፤
ማኅተሙን ይዤ ቀረሁ፣ ወደ ቀለሙ ጠጋ አድርጌ።

ይህ ሰው ሌባ አይመስለኝም።
ያኛውም አይመስልም ነበር።

«ስንት ፎቅ ነው?» አልኩት። «አራት፤ ሊፍት የለውም፣» አለ፣ ሳለ።
ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ፤ ጭልፊት የለ።

«ነገ አስፈርመሃት ና፣» አልኩት፣ «ወረፋ አትያዝ፣ ግባ።»
ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ፣ ክረምት ገባ።