ባትሪውና ድንጋዩ

መሃል ሜዳ፣ ኅዳር፣ ውርጭ ያደረበት ቀን፣
በቀበሌው አዳራሽ ስም ልንመርጥ ተሰበሰብን።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ፣
ጣቴ ቢደነዝዝ በትንፋሼ አሞቃለሁ።
ከወረዳ የመጣው የሴፍቲኔት ቅጽ አሥራ ሦስት መስመር አለው፤
በር ላይ የቆመው ችግረኛ ግን አሥራ አራት ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ተነሡ። በዚያ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤
ካኪያቸው ነጥቷል፣ ዛሬም እስከ አንገት ቆልፈው ነው የሚኖሩ።
«ጓዶች!» አሉ። ሰው ጓድ ካላቸው ሠላሳ ዓመት አልፎታል።
«ስንዴው ምጽዋት አይደለም! የሰፊው ሕዝብ ላብ ነው፤ መንግሥት ዕዳውን ይከፍላል።
መሬት ለአራሹ ስንል የተነሣን ለምን ነበር?
ደሃ በልመና እንዳይኖር፣ ጌታ በጌትነቱ እንዳይሰክር!»

ጋሽ ላቀው ሳቁ። በርኖስና ባና ይነግዳሉ፣
ጭነው እስከ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ።
«ያንተ ሶሻሊዝም ገብሴን በኮታ ሰፍሮ የወሰደው ነው?
ዋጋው እስካሁን ኪሴ አልገባም፤ ዕዳ ማለት ይኼ ነው!
ዛሬ ደግሞ ጎረምሳው ማጭዱን ሰቅሎ
ዘይትና ስንዴ ይጠብቃል፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ጥላ ሥር ተንጋሎ።
እጅ እግር እያለው መንግሥት ያጎረሰው ሰው
ጥርሱ ይረግፋል እንጂ ማኘክ አይለምድም፣ ልብ በለው!»

«አድኃሪ!»
«ካድሬ!»
ሰብሳቢው ጠረጴዛ መታ፤ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣
ለየትኛው እንደሆነ ራሱም አላሰበ።

ክርክሩ ሲግል ብርዱ ይቀንሳል ብዬ ነበር፤
ትንፋሽ ብቻ ነው የጨመረ፣ ከራሳችን በላይ እንደ ጉም ሲበር።

ከዚያ እትዬ በለጥሻቸው፣ አሥራ አራተኛዋ ማለት ናቸው፣
ከግድግዳው ሥር፣ ሳይነሡ፣ ጉልበት አንሷቸው፦
«እናንተ ልጆች» አሉ። (ሁለቱም ሰባን አልፈዋል።)
«መጽሐፉ ሳይመጣ ጓሳው የማን ነበር? አባቶቻችሁ ነግረዋችኋል?
ሣሩ በቀሮ ነው የኖረ፤ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ይዘጋል፣
አባ ቀሮው ቀን ይቆርጣል፣ ያን ቀን ባለ ማጭድ ሁሉ ይወጣል።
ቀድሞ ያጨደ ይቀጣል፤ ቤቱ የፈረሰበትም አለ።
ምጽዋት አላሉትም፣ ያን ሶሻ ምናችሁንም አላሉትም፤ ሣር ነው ያሉት፣ ጣሪያቸው ስለጎደለ።

ግን» አሉና ትንሽ ዝም። «ሁሉም አልነበረም የሚያጭድ።
ርስት የሌለው፣ ቀጥቃጩ፣ ከዳር ቆሞ ያያል እንጂ አይገባም በዚያ መንገድ።
እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስለዚህ አታስጊጡት ለእኔ፣
ያንንም፣ ይኼንንም። ለስንዴው መዝግቡኝና ልሂድ፤ መሽቷል፣ ወገኔ።»

ጋሽ ላቀው አዩ ጫማቸውን፣
ጋሽ ወንድይፍራው ዳበሱ ቁልፋቸውን።
ከዚያ፣ ምን ያደርጋል፣
«ይኸው! ቀሮ ፊውዳል ነበር!»
«ይኸው! መንግሥት ሲገባበት ጓሳው ተራቆተ!»
ሴትዮዋን ማን ሰማ፤ ክርክሩ እስከ ጨለማ ተጎተተ።

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው።
የሁለቱም ቤት ከወንዙ ማዶ ነው።
ባትሪ አላቸው፣ አንድ፤ ቀፎው የጋሽ ወንድይፍራው፣
ድንጋዩ የጋሽ ላቀው።
ከበር ቆሜ አየሁ፣ ብርሃኗ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣
«ኮታ!» «ላብ አደር!» የሚል ድምፅ ቀድሟት ሲሄድ።
መሐል ላይ ጠፋች።
ድንጋዩን ነቅለውባቸው ነው፣ አልኩ። ወንዙ ብቻ ተሰማ፣
አንድ እርግማን፣ አንድ የእውነት ድንጋይ ሲንከባለል በጨለማ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ሻማ ለኮስኩ። ማስመሪያ አጣሁ፤
በክብሪት ቀፎ ጠርዝ አሥራ አራተኛውን መስመር ሠራሁ።
ጠማማ ነው። ወረዳው ይመልሰው ይሆናል።
በለጥሻቸው፣ ብዬ ጻፍኩ። የአባታቸውን ስም አልጠየቅሁም፤ ነገ ይጣራል።

ቀና ስል፣ በመስኮቱ፣ ከወንዙ ማዶ
ብርሃኗ በርታለች፤ ዳገቱን ትወጣለች፣
ጭቅጭቁም እንደ አዲስ ነዶ።