የብብት ሙቀት

ጥር ላይ ኡላንባታር ሰማይ የላትም፤
ጭስ ነው የከደናት፣ ኮከብ አይታይም።
የማታው የመጨረሻ አውቶብስ የኔ ነው፣
ከገበያው ተነስቶ ኮረብታውን የሚወጣው፣
የሱፍ ድንኳን ከሱፍ ድንኳን ተጠጋግቶ ካደረበት፣
ቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ሁሉ ከሰል ከሚተፋበት።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
መስታወቱን በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ መንገዱን ለማየት።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ተሙለን ገባ።
ቦርሳው ከሱ ይከብዳል፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላው ነው፣
«ደህና አመሹ» ሳይለኝ አልፎ አያውቅም፤
ዛሬ አለፈ።
ትከሻው ጆሮው ድረስ ተሰቅሏል፤
አንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ትሰምጣለች፣ ትመለሳለች፤
ሞተሩን አጠፋሁ፤ ያኔ ፉጨቱ ተሰማ፣
በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚገባ ንፋስ፣ ከልጅ ደረት።

«አስተኙት!» አለ አንዱ። «አውጡት፣ አየር ያግኝ!» አለ ሌላው።
ሽማግሌው ሎዶይ ፔርሙዙን ከፈተ፣ ትኩስ ወተት ሊያቀምሰው።
«ማንም አያስተኛው፤ ምንም አታጠጡት፤
ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ሻርፑን ፍቱለት፤
ውጭ ያለው ጭስ ነው፤ በሩን ዝጉት!»
እንዲህ ስጮህ፣ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።
አንዲት ሴት አምቡላንስ ጋ ደወለች፤
«መንገዱ በረዶ ነው፣ አርባ ደቂቃ» ተባለች።

ከቦርሳው የውጭ ኪስ ሰማያዊዋን ኢንሄለር አወጣኋት፤
ጠጠር ሆናለች። ወደ አየር አንዴ ብጫናት
እንዳልተዘጋጀ ተማሪ «እ...» ብላ ዝም።
ብርድ የሚያደነዝዘው ሰውን ብቻ አይደለም።
ካፖርቴን ከፍቼ ብብቴ ሥር ሸጎጥኳት፤
እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተኮራመትኩባት።
አንድ ደቂቃ ለካ ሰፊ አገር ነው፤
ዳር እስከ ዳር አቋረጥኩት፣ ዓይኑን እያየሁት፣ ዓይኑን እያየሁት።

በዚህ መሃል የሎዶይን የውሃ ፕላስቲክ ተቀብዬ
ቂጡን በቢላ በሳሁት፣ በኢንሄለሯ አፍ ልክ።
ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት፣ በስድስት ዓመቷ፤
አሁን ከኔ ትረዝማለች፤ ሩቅ ነው ቤቷ።

ነቅነቅ፣ ነቅነቅ።
«ተሙለን፣ እየኝ። ያለችህን ትንፋሽ አውጣት።
የፕላስቲኩን አንገት በከንፈርህ ግጠማት።»
አንድ ጊዜ ተጫንኩ።
«ቀስ ብለህ ሳብ፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚፉት ሰው፤
መልስ። ደግሞ ሳብ።» አራት ትንፋሽ።
ነቅነቅ። አንድ ጊዜ። አራት ትንፋሽ።
ቅድም «ዘገየን» ብለው ሲነጫነጩ የነበሩት
ከኋላዬ ሲቆጥሩ ሰማኋቸው፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ጸሎት፤
«ሦስት... አራት...»
አራት ጊዜ ነፋንለት። አራት ደቂቃ ጠበቅን።
ምንም። እንደገና አራት።

ከዚያ ትከሻው ከጆሮው ወረደ፣ በጥቂቱ፤
ከንፈሩ ቀላ መለስ አለ።
ቀና ብሎ አየኝና፣
በሁለት ትንፋሽ ከፍሎ፣
«ደህና... አመሹ» አለኝ።
አውቶብሱ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ሎዶይ አለቀሰ።

አምቡላንሱ መጣ፤ «ተሽሎኛል» ቢልም አሳፈርነው፤
የዳነ የመሰለ ደረት ሌሊት ላይ ነው የሚከዳው።
እናቱ ናራንጸጸግ ከአቀበቱ ሮጣ ደረሰች፤
ከሰል በምትሸጥበት እጇ ጉንጩን ዳበሰች፤
አምስት ጥቁር ጣት ታተመበት።
ከኢንሄለሯ ጀርባ ያለውን ቁጥር አሳየኋት፤
ሰባት ይላል። «ሁለት መቶ ነበር» አለች፣ «ከሦስት ሳምንት በፊት።»
«እሷ እሳቱን ታጠፋለች እንጂ ማገዶውን አታነሳም፤
በየቀኑ ከፈለጋት፣ ሌላ መድኃኒት ይሻል፤ ለሐኪሙ ንገሪ፤
ከቦርሳ ኪስ አውጪና ከሹራቡ ሥር አንጠልጥይለት።»
ስለ ከሰሉ ግን ምን ልበላት?
እኔስ በምንድን ነው ቤቴን የማሞቀው?

ባዶውን አውቶብስ ወደ ጋራዥ መለስኩት።
ግራ ብብቴ እስካሁን ይቀዘቅዘኛል።